«ሳይቃጠል በቅጠል»፦ ቅጠሉ የሚቀጠፈው መቼ ነው?

በቅርቡ ደሴ ውስጥ አንድ የሙያ ባልደረባዬ የሰርቨሩን የኔትወርክ ቅንብር ለወጠና ግንኙነቱ ሲቋረጥበት ተቻኩሎ ስናፕሾት (ፋይሎቹ በዚያች ቅጽበት የነበሩበትን ሁኔታ ይዞ የሚያቆይ፣ ኋላ ሊመለሱበት የሚቻል ምስል) አነሳ፤ «አብሽር፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው» አለኝም። ያስቀመጠው ግን የተበላሸውን ቅንብር ነበር።

ባደግሁበት በኩታበር ገጠር ሽሮ የሚሠራው በሸክላ ድስት፣ በሦስት ጉልቻ ላይ ነበር። ሽሮ አይታመንም፤ ለአፍታ ዞር ሲሉ ይገነፍላል ወይም ከሥሩ ይይዛል። ስለዚህ እናቴ እሳት ከማያያዟ በፊት ከጓሮ ሰፋፊ የቀጠጥና ቅጠል ቀጥፋ ከጉልቻው አጠገብ ታኖር ነበር፤ ሽሮው ሲንተከተክ የጋለውን ድስት ግራና ቀኝ በቅጠሉ ይዛ ታወርደዋለች። ቅጠል ፍለጋ ያን ጊዜ ወደ ጓሮ የሚሮጥ ሰው ሲመለስ ያረረ ወጥ ያገኛል። አባባሉን በለምለም ቅርንጫፍ እየተመታ ከሚጠፋው ሰደድ እሳት ጋር ማያያዝም ይቻላል፤ እኔ ግን ከምድጃ ዳር ተወለደ ባይ ነኝ፤ ሰደድ እሳት የሚመታው መቃጠል ከጀመረ በኋላ ሲሆን አባባሉ «ሳይቃጠል» ይላልና። ቃሉን ከቃሉ ያጋጠመችውም ድስት ስታወርድ የኖረች ሴት ትመስለኛለች።

ስናፕሾት በእርግጥም እንዲህ ያለ ቅጠል ነው። በሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሥርዓቱ ቅንብሮች በአብዛኛው የሚገኙት «ኢቲሲ» በተባለው ማውጫ ውስጥ ነው። ፋይሎችን በዲስክ ላይ በሚያደራጁት የፋይል ሥርዓቶች በቢቲአርኤፍኤስ ወይም በዜድኤፍኤስ ላይ ስናፕሾት ሲነሳ ፋይሎቹ አይገለበጡም፤ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ለውጥ በሌላ ስፍራ ይጻፋል፣ አሮጌው ባለበት ይቆያል፤ በመሆኑም ሥራው በቅጽበት ያልቃል፣ መጀመሪያ ላይ የሚይዘውም ቦታ እጅግ ጥቂት ነው። በቢቲአርኤፍኤስ ግን ስናፕሾት የሚነሳው ለንዑስ ቮሊዩም (ራሱን ችሎ ለሚያዝ የፋይል ሥርዓቱ ክፍል) እንጂ ለተራ ማውጫ ስላልሆነ፣ ኢቲሲ በየትኛው ንዑስ ቮሊዩም ሥር እንዳለ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ በሆነው በኦፕንሱሴ ስናፐር የተባለው መሣሪያ ፓኬጅ (የሶፍትዌር ጥቅል) ሲጫን ከለውጡ በፊት አንድ፣ ከለውጡ በኋላ ሌላ ስናፕሾት ያነሳል፤ የእናቴ ቅጠል የፊተኛው ነው።

ቅጠል ድስት ያወርዳል እንጂ ጎጆው ሲነድ አያድንም። ስናፕሾቱ ያለው እዚያው ዲስክ ላይ በመሆኑ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል፤ ሁለቱም የፋይል ሥርዓቶች ስናፕሾትን ወደ ሌላ ማሽን የሚልኩበት «ሴንድ» የተባለ ትእዛዝ ያላቸው ስለሆነ ሥራው እስከዚያ መድረስ አለበት።

ዛሬ አባባሉ በየቢሮው «ቶሎ በል» ለማለት ብቻ ሲነገር እሰማለሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል፤ እናቴ ድስቱን በፍጥነት ያወረደችው ቅጠሉን ቀድማ ስለቀጠፈች ነውና። ለዘገየ ሰው ሌላ አባባል አለን፤ ባልደረባዬም ያን ቀን ማለት የነበረበት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነበር።