ካሴታችሁና ስትሪሚንግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቤት ካሴት፣ ሲዲ ወይም ሸክላ ካላችሁ፣ ስልካችሁ ላይ ደግሞ ስፖቲፋይ ወይም አፕል ሚውዚክ (ዘፈን በኢንተርኔት የሚያሰሙ የስትሪሚንግ አፖች) ካለ፣ አንዱን ለመጣል አትቸኩሉ። አብረው መኖር ይችላሉ። የሚያሳዝነኝ፣ እዚህም እዚያም በሚወራ ነገር ስንት ክምችት እየተጣለ መሆኑ ነው።

«ሁሉም ዘፈን ስትሪሚንግ ላይ አለ»

የለም። የሸክላው ዘመን ዕድለኛ ነው። የአዲስ አበባው ሸክላ አሳታሚ አምሃ ሪከርድስ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካሳተማቸው ብዙዎቹ ኢትዮፒክስ በተባሉት የፈረንሳይ ሲዲዎች ዳግም ስለወጡ ዛሬ በቀላሉ ይገኛሉ። ከዚያ በኋላ በካሴት ብቻ ወጥቶ የቀረው ግን ብዙ ነው። ዘፈኑ ቢገኝ እንኳ ድምፃዊው ኋላ በኪቦርድ እንደገና የተጫወተው ሊሆን ይችላል። ያ የድሮው ባንድ ያለው እናንተ ካሴት ላይ ነው።

«ዳውንሎድ ካደረግኩት የኔ ነው»

ኪራይ ነው። ስፖቲፋይ ላይ ያወረዳችሁት እንዲቆይ ቢያንስ በየ30 ቀኑ ኢንተርኔት መግባት አለባችሁ። ባለመብቱ ሥራውን ካነሳ ደግሞ ክፍያችሁ አያስቀረውም። ካናዳዊው ዘፋኝ ኒል ያንግ በ2022 እ.ኤ.አ. ዘፈኖቹን ከስፖቲፋይ አስነስቶ የተመለሱት በ2024 ነው።

«አፑ የራሴን ፋይል አይቀበልም»

ይቀበላል፤ አሠራሩ ይለያያል እንጂ። ዩቲዩብ ሚውዚክ ያላችሁበት አገር የሚሠራ ከሆነ እስከ 100,000 ዘፈን በኮምፒውተር መስቀል ትችላላችሁ፣ ያለ ክፍያ። የሰቀላችሁትን የምትሰሙት እናንተ ብቻ ናችሁ። ስፖቲፋይ ግን ፋይሉን ወደ ራሱ አይወስድም። ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለውን ፕሌይሊስት ውስጥ ትከቱታላችሁ፤ ስልኩና ኮምፒውተሩ አንድ ዋይፋይ ላይ ሲሆኑ ወደ ስልካችሁ ይወርዳል። ለዚህ ፕሪሚየም የሚባለው የሚከፈልበት አገልግሎት ያስፈልጋል። አፕል ሚውዚክ ፋይላችሁን መጀመሪያ እሱ ጋ ካለው ዘፈን ጋር ያዛምዳል፣ ካጣ የእናንተን ይሰቅላል። እዚህ ጋ ጠንቀቅ በሉ፤ ሲያዛምድ የእናንተ ያልሆነ ቅጂ ሊሰጣችሁ ይችላል።

ትልቁ ሥራ ስም ማስተካከሉ ነው። ጥላሁን ገሠሠ በኢትዮፒክስ ቁጥር 17 ላይ በፈረንሳዮቹ አጻጻፍ ተጽፏል፤ እናንተ በግዕዝ ፊደል ጽፋችሁት ይሆናል። ለአፑ እነዚህ ሁለት ዘፋኞች ናቸው። ስለዚህ አንድ አጻጻፍ ምረጡና የራሳችሁን ፋይሎች በሙሉ በእሱ አስተካክሉ፣ ከመስቀላችሁ በፊት።

«ከሰቀልኩት ካሴቱ ምን ይሠራል?»

እባካችሁ አትጣሉት። አፕል ራሱ አገልግሎቱ መጠባበቂያ እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። ፋይሉን ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይም አስቀምጡ።

«ኤምፒስሪውን ወደ ፍላክ ብቀይረው ይጠራል»

አይጠራም። ፍላክና ዌቭ ድምፁን ሳይቆርጡ የሚያስቀምጡ የፋይል ዓይነቶች ናቸው፤ ኤምፒስሪ ሲሆን የተቆረጠው ድምፅ ግን ተመልሶ አይመጣም። ከካሴት ስትገለብጡ ከመጀመሪያው በዌቭ ወይም በፍላክ ያዙት። የቴፑን ሄድ (የካሴቱን ክር ነክቶ የሚያነበውን ክፍል) በጥጥና በአልኮል ጥረጉ። ከጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳው ኬብል ወደ ኮምፒውተሩ የድምፅ ማስገቢያ ሳቡ፣ ኦዳሲቲ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቱ፣ መጀመሪያ ከፍ ያለ ድምፅ ያለበትን ቦታ አጫውታችሁ መለኪያው ቀዩን እንዳይነካ አስተካክሉ። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል፣ አቋራጭ የለውም። እያንዳንዱን ገጽ ሳታቋርጡ እስከ መጨረሻው ቅዱት፤ ዘፈን በዘፈን መቆራረጡ ኋላ ይደረስበታል።