ካሊንግ ምንድነው? መዥገር ለመቀነስ አጋዘን ይገደል ሲባል ሰዉ እምቢ የሚለውስ ለምንድነው?

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ኮኔቲከት ነው የምትኖረው። ባለፈው በቴሌግራም የአንድ ወረቀት ፎቶ ላከችልኝና ከስሩ «አንተ ብትሆን ትፈርማለህ?» ብላ ጻፈች። ወረቀቷ ከምትኖርበት ከተማ አስተዳደር የመጣች ነች፣ ጥያቄዋም ባጭሩ አዳኞች በጓሮሽ ገብተው አጋዘን እንዲገድሉ ትፈቅጃለሽ ወይ ነው፣ ለምን ሲባል መዥገር ለመቀነስ። እኔ እዚህ ሐዋሳ አሞራ ገደል ቁጭ ብዬ አሳ እስኪጠበስ እየጠበቅኩ ነበር ያነበብኩት፣ መጀመሪያ ምንም አልገባኝም፣ መዥገር ከበዛ መዥገሩን ነው እንጂ አጋዘኑ ምን አረገ አልኩ። ማታ ደውዬ ሁለት ሰዓት አወራን፣ ከዛ ደግሞ እኔው ስጎረጉር ሰነበትኩ፣ ነገርየው ካሰብኩት በላይ የሚያጨቃጭቅ ሆኖ አገኘሁትና ይኸው ልጽፈው ተነሳሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ካሊንግ የሚለውን ቃል ዶሮ እርባታ የሠራ ሰው አያጣውም፣ የማትጥል ወይ የታመመች ዶሮ ተለይታ ስትወገድ ማለት ነው። የዱር እንስሳ ላይ ሲመጣ የአንድ አካባቢ እንስሳ በዝቷል፣ ይሄን ያህል ይቀነስ ተብሎ በእቅድ መግደል ነው። ተራ አዳኝ ለሥጋው ወይ ለቀንዱ ይወጣል፣ እዚህ ግን የሚፈለገው ቁጥሩ እንዲወርድ ብቻ ነው። አንዳንዴ የአደን ወቅቱ ይረዝምና ያው አዳኞቹ ይሠሩታል፣ አንዳንዴ ደግሞ የሚከፈላቸው አነጣጣሪዎች ይመጡና በቆሎ በትነው፣ ማታ፣ ድምፅ ማፈኛ ባለው ጠመንጃ ይጨርሱታል።

አጋዘን ስል ደግሞ የኛውን የባሌውን ደጋ አጋዘን እንዳይመስላችሁ። የኛው ቀንዱ ዕድሜ ልኩን አብሮት ነው የሚኖረው፣ የነሱ በየዓመቱ ወልቆ እንደገና ይበቅላል፣ እንደውም ኢትዮጵያ ውስጥ የነሱ አይነት አጋዘን ጭራሽ የለም፣ ግን ሌላ ቃል ስለሌለኝ በዚሁ ልቀጥል። እዛ ያለው ባለ ነጭ ጅራቱ ነው። በ1900 አካባቢ በአደን አልቆ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነበር የቀረው ይባላል፣ አሁን ወደ 30 ሚሊዮን ይገመታል፣ ተኩላው ጠፍቷል፣ የታረሰው መሬት ተመልሶ ጫካ ሆኗል፣ ሰዉም ቤቱን ጫካ ውስጥ ሠርቷል። እና ልክ እዚህ ሐይቁ ዳር ጦጣው ከጠረጴዛ ላይ ዳቦ ይዞ እንደሚሮጠው እነሱም ጓሮ ገብተው አበባውን ሙልጭ አርገው ይበሉታል።

ወደ መዥገሩ ስንመጣ፣ ገጠር ያደገ ሰው ከላም ጡት ስር ወይ ከጆሮዋ ውስጥ መዥገር ነቅሎ በድንጋይ ያላፈረጠ አለ ብዬ አላምንም። ደም ጠጥታ ያበጠችዋ ቁርጥ ጉሎ ነው የምትመስለው፣ በነገራችን ላይ የጉሎ ሳይንሳዊ ስሙ ሪሲነስ ነው፣ በላቲን መዥገር ማለት ነው፣ ፈረንጆቹም ያው ታይቷቸዋል። እነሱን የምታስፈራቸው ግን ያበጠችዋ አይደለችም፣ ገና ልጅ የሆነችው ነች። ከጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም፣ ጉልበት እጥፋት ውስጥ ገብታ ሁለት ሦስት ቀን ብትጠጣ ማንም አያያትም። ላይም የሚባለውን በሽታ በብዛት የምታስይዘው እሷ ናት።

ላይም የከተማ ስም ነው፣ እዛው ኮኔቲከት ውስጥ። በ1975 አካባቢ እዛ ሰፈር ብዙ ልጆች ጉልበታቸው እያበጠ ሲያነክሱ እናቶቻቸው ናቸው ይሄ ነገር ልክ አይደለም ብለው ሐኪሞቹን የወተወቱት። ቆይቶ በ1982 ቪሊ ቡርግዶርፈር የሚባል ሳይንቲስትና ባልደረቦቹ ጀርሙን ከመዥገር ውስጥ አገኙት፣ ስሙም በሱ ስም ቦሬሊያ ቡርግዶርፈሪ ተባለ። ቦሬሊያ ስትባል የኛም ጤና ባለሙያ ጆሮው ይቆማል፣ እዚህ በቅማል የሚመጣው የግርሻ ትኩሳት ጀርም የዛው ቤተሰብ ነውና። ላይም ቶሎ ከተያዘ ዶክሲሳይክሊን በሚባል አንቲባዮቲክ ይድናል፣ ከቆየ ግን መገጣጠሚያ ላይ ይወርዳል፣ ነርቭም ልብም ይነካል። አሜሪካ ውስጥ በዓመት ወደ 476,000 ሰው ለዚህ በሽታ ይታከማል ተብሎ ይገመታል፣ ስለዚህ አጋዘኑን የሚፈሩት ሰዎች በባዶ አይደለም የሚጮኹት።

እና አጋዘኑ የት ላይ ነው የሚገባው? መዥገሯ ሁለት ዓመት ገደማ ስትኖር ሦስቴ ብቻ ነው የምትበላው። እንደተፈለፈለች አንዴ፣ ትንሽ ከፍ ስትል አንዴ፣ ካደገች በኋላ አንዴ። መጀመሪያዎቹ ሁለቱ በብዛት ነጭ እግር የምትባል የጫካ አይጥ ላይ ናቸው፣ ጀርሙንም የምትወስደው በዋናነት ከአይጧ ነው። የመጨረሻዋን ግን አጋዘን ላይ ወጥታ ነው የምትበላው፣ ወንዱም ሴቷም እዛው ይገናኛሉ፣ ሴቷ ሳምንት ያህል ጠጥታ ትወድቅና እስከ 2000 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች። በቃ አጋዘን ማለት የመዥገር ሰርግ ቤት ነው። የሚገርመው ደግሞ አጋዘኑ ራሱ ጀርሙን ለመዥገር አያስተላልፍም፣ ከሱ ደም የጠጣች መዥገር ከሱ በሽታ አትወስድም። በሽታውን የምትሰጠው አይጧ፣ ብዛቱን የሚሰጠው አጋዘኑ።

ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው። ተቃዋሚው «አጋዘኑ ንፁህ ነው፣ ጥፋቱ የአይጥ ነው» ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ግን ግማሹን ነው ያወራው፣ ሰርግ ቤቱ ከሌለ እንቁላሉ ከየት ይመጣል? ደጋፊው ደግሞ «እንግደልና እንገላገል» ይላል፣ እሱም የሚዘለው ነገር አለ፣ ስንት ተገድሎ ነው መገላገል የሚመጣው የሚለውን። እኔን የገረመኝ ይሄኛው ነው። ሜይን ውስጥ ሞንሄጋን የምትባል ደሴት አለች፣ ዓመቱን ሙሉ የሚኖርባት ሰው መቶ አይሞላም፣ እዛ ከ1996 እስከ 1999 አጋዘኑን አንድ ሳያስቀሩ አጠፉት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መዥገሯም የለችም ለማለት የሚያስደፍር ደረጃ ደረሰች። እዛው የአክስቴ ልጅ ስቴት ውስጥ ሙምፎርድ ኮቭ የሚባል ሰፈር ደግሞ በካሬ ኪሎሜትር 5 አጋዘን አካባቢ እስኪቀር አወረዱት፣ ነዋሪው የሚያመለክተው የላይም በሽታ 80 በመቶ ቀነሰ። ኒው ጀርሲ ውስጥ በርናርድስ በሚባል ቦታ ግን በካሬ ኪሎሜትር ከ45 ገደማ ወደ 24 አወረዱት፣ ግማሽ ያህሉ አለቀ ማለት ነው፣ መዥገሩም በሽታውም ምንም አልሆነም። ምን ማለት ነው ይሄ፣ የቀሩት 24ቱ ለመዥገር ሰርግ በቂ ናቸው። መዥገር እኮ መቀመጫ ከጠበበ ተጠጋግቶ ይቀመጣል።

እኔ ከተቃዋሚዎቹ ክርክር ሚዛን የደፋልኝ ይሄ ነው፣ ያው እነሱ ራሳቸው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሱት ሌላውን ቢሆንም። ትንሽ መግደል የሚባል ነገር ዋጋ የለውም። ወይ ሊያልቅ ምንም እስከማይቀረው ትወርዳለህ፣ ከዛም በየዓመቱ እየገደልክ እዛው ታቆየዋለህ (ደሴት ካልሆንክ ከጎረቤት ከተማ ይገባል)፣ ወይ ደግሞ በከንቱ ደም ታፈሳለህ። ይሄን እየነገሩ ሕዝብ ማስፈረም ደግሞ ከባድ ነው፣ ስለዚህ ስብሰባው ላይ «ጥቂት ብቻ ነው» ተብሎ ይጀመራል።

ሌላውም ምክንያት ቀላል አይደለም። ሰዉ ልጆቹ የሚጫወቱበት ጓሮ አጠገብ ጥይት አይፈልግም፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ለምሳሌ ከሰው ቤት 150 ሜትር ገደማ ሳይርቁ ማደን ክልክል ነው፣ ባለቤቱ ካልፈቀደ በቀር፣ እና ቤት ከቤት የተጠጋበት ሰፈር ውስጥ ፈቃድ ካልተገኘ መተኮሻ ቦታ አይኖርም። የአክስቴ ልጅ ወረቀት የመጣችውም ለዚህ ነው። አንድ ሰው እምቢ ካለ አጋዘኖቹ ቶሎ ይነቁና እሱ ጓሮ ይከርማሉ። እዛው ማሳቹሴትስ፣ ናንተኬት ደሴት ላይ በ2005 የካቲት ተጨማሪ የአደን ሳምንት ተፈቅዶ ሕዝቡ ስለተቆጣ ያኔ ቀርቶ ነበር። አዳኞችም ሁሉም ደጋፊ አይደሉም እኮ፣ ካሊንጉ ከተሳካ እነሱ በሚቀጥለው ዓመት ምን ሊያድኑ ነው?

ለኛ ይሄ ነገር ሩቅ ሊመስል ይችላል፣ ግን የውሻውን አስቡት። እኛ ሰፈር ከዓመታት በፊት ውሻ በዛ፣ እብድ ውሻ ሰው ነከሰ ተብሎ ሌሊት የተመረዘ ሥጋ ተጣለ። ጠዋት ስወጣ የጎረቤታችን የእትዬ ውሻ ቡቺ በሩ ስር እግሯን ዘርግታ ተኝታለች፣ አፏ ላይ አረፋ ደርቋል፣ እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል፣ «አሁን ሌባ ሲመጣ ማን ሊጮህልኝ ነው» አሉ፣ ሌላ ምንም አላሉም። ቡቺ የተከተበች ነበረች። ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ውሾች ያንኑ የቆሻሻ ገንዳ ያዙት፣ ያልተከተቡ። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው ውሻ መግደል ብቻውን ሬቢስን አያቆምም፣ 70 በመቶውን መከተብ ነው የሚያቆመው ነው። አጋዘንና ውሻ አንድ አይደሉም፣ ውሻው በሽታውን ራሱ ያስተላልፋል አጋዘኑ አያስተላልፍም፣ ግን የተገደለው ቦታ ሲለቅ ማን ይገባበታል የሚለው ጥያቄ አንድ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ ሲባል አማራጮቹ አሉ፣ ሁሉም እንከን አላቸው። ኒውዮርክ ስታተን አይላንድ ላይ ከ2016 ጀምሮ ወንዶቹን አጋዘኖች እያስተኙ ቫሴክቶሚ (እንዳያስወልዱ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና) ሠርተውላቸዋል፣ አዎ ቫሴክቶሚ፣ ሳነብ ሳቄ መጣ፣ ቁጥሩ ግን ቀንሷል። ሌላው ባለ አራት ምሰሶ መመገቢያ ነው፣ አጋዘኑ በቆሎ ሊበላ አንገቱን ሲያስገባ የመዥገር መድሃኒት የተነከረ ሮለር ይቀባዋል፣ የኛ ገበሬ ከብቱን ከሚያስረጨው ሐሳቡ አይለይም። ለሰው የላይም ክትባትም ነበር፣ በ1998 ወጥቶ በ2002 ከገበያ ወጣ። የሚያናድደው ውሻ የላይም ክትባት አለው።

ደጋፊዎቹን የማዝንላቸው ግን አልፋ ጋል የሚባለው የሥጋ አለርጂ ላይ ስደርስ ነው። ሎን ስታር የምትባል ሌላ መዥገር አለች፣ አጋዘን እሷንም ያበዛል፣ ከነከሰችህ በኋላ ሰውነትህ የከብት ሥጋ ላይ አለርጂ ሊሆን ይችላል። በልተህ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ቆይቶ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ ሰውነትህ ያብጣል፣ ሆድህ ይታመማል፣ ትንፋሽም ሊያጥር ይችላል። የበሬ፣ የበግ፣ የፍየል፣ ለአንዳንዱ ወተትና ቅቤም። ክትፎ አበቃ ማለት ነው፣ ፋሲካ መጣ አልመጣ ፆም ነው። ዶሮና አሳ ግን ይፈቀዳል፣ አሞራ ገደል መጥቶ መኖር ነው እንግዲህ።

የአክስቴ ልጅ ትንሹ ልጇ ባለፈው ክረምታቸው ብብቱ ስር እንደ ዒላማ ክብ ክብ የሆነ ቀይ ነገር (የላይም ምልክት ነው) ወጥቶበት መድሃኒት ወስዶ ድኗል። እኔ ይሄን ሲሰማ ማንም እናት ይፈርማል ብዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ደወልኩላት፣ ወረቀቷ አሁንም ፍሪጅ ላይ በማግኔት ተለጥፋ ናት። ግራና ቀኝ ያሉት ጎረቤቶቿ ፈርመዋል፣ ፊት ለፊቷ ያለችው ሴትዮ ደግሞ «እዚህ አይተኮስም» የሚል ሰሌዳ ሳሯ ላይ ተክላለች። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ቪዲዮ ላከችልኝ፣ ሰባት አጋዘን፣ ሰሌዳው ስር፣ እየጋጡ።