ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍን በዲጂታል ማተም፦ የቀለምና የወረቀት አመራረጥ

ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ቀለም በሚረጭ ማተሚያ (ኢንክጄት) ሲወጣ ነጩን የሚሰጠው ወረቀቱ ነው። ማተሚያው ነጭ ቀለም አይዝም፤ ደመናም ሆነ የሙሽራ ቬሎ የሚነጣው ቀለም ስላልነካው ነው። ጥቁሩን የሚሰጠው ቀለሙ ቢሆንም ምን ያህል እንደሚጠቁር የሚወስነው ያረፈበት ወረቀት ነው። ስለዚህ «የትኛውን ቀለም?» እና «የትኛውን ወረቀት?» የሚሉት ጥያቄዎች ተነጣጥለው መልስ አያገኙም። አንዱን የመረጠ ሰው ሌላውን በከፊል መርጦታል።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር እናስቀድም። አማርኛ በካርትሪጅ የሚሞላውን ፈሳሽም፣ ቀይና ሰማያዊ የምንላቸውንም «ቀለም» ይላቸዋል። እዚህ ቀለም ሲባል ፈሳሹ ነው፤ ቀይና ሰማያዊውን ኅብር እንለዋለን።

ባለ ኅብር ፎቶ ስህተቱን ይሸፍናል። ሰማዩ ጥቂት ቢያረነጉድ ወይም የቀይ ቀሚስ ድምቀት ቢቀንስ ብዙ ተመልካች አያስተውልም። ጥቁርና ነጭ ግን መሸሸጊያ የለውም። ዓይናችን ንጹሕ ግራጫ ላይ የገባን ጥቂት ሮዝ ወይም ጥቂት አረንጓዴ ወዲያው ይለያል፤ በተለይ ሁለት ኅትመቶች ጎን ለጎን ሲሰቀሉ። ግራጫን ከሳያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ከማጀንታ (ደማቅ ሮዝ) እና ከቢጫ ቀላቅሎ የሚሠራ ማተሚያ እዚህ ላይ ይቸገራል። ከሦስቱ የአንዱ መጠን በጥቂቱ ከተዛባ ግራጫው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ሚዛኑ ቢጠበቅም እንኳ ሌላ ችግር አለ፤ በመስኮት ብርሃን ንጹሕ ግራጫ የነበረው ፎቶ ማታ አምፖል ሲበራ ሊያረነጉድ ወይም ሊቀላ ይችላል። ባለሙያዎቹ ይህን ጠባይ ሜታሜሪዝም ይሉታል።

ኅብሮቹን ትቶ በአንድ ጥቁር ካርትሪጅ ብቻ ማተምም ይቻላል። አንዳንዶች ዛሬም ይወዱታል፤ የፊልም ቅንጣት የሚመስል ሸካራ መልክ ይሰጣል። ነገር ግን ፈዛዛ ግራጫ የሚገኘው ጥቁር ነጠብጣቦችን አራርቆ በመበተን ስለሆነ፣ የፊት ቆዳ ላይ አሸዋ የተነሰነሰ ይመስላል። መፍትሔው ጥቁሩን ራሱን ማቅጠን ሆነ። ከሙሉ ጥቁር ሌላ አንድ ወይም ሁለት የቀጠነ ጥቁር፣ ማለትም ግራጫ ቀለም፣ በራሱ ካርትሪጅ ይገባል። ፈዛዛው ክፍል በፈዛዛ ቀለም ይታተማል፤ ነጠብጣቡ ይጠፋል፤ ኅብሮቹም የሚጨመሩት ግራጫውን ወደ ሙቅ ወይም ወደ ቀዝቃዛ ለማዘንበል ያህል በጥቂቱ ነው።

እዚህ ለመድረስ ጊዜ ወስዷል። ከዲጂታል የጥበብ ኅትመት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ የሙዚቀኛው ግራሃም ናሽ ነው። አይሪስ 3047 የተባለውን፣ በመሠረቱ ለማተሚያ ቤቶች ናሙና ማውጫ የተሠራ ማሽን ለራሱ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች አዋለው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ከማክ ሆልበርት ጋር ናሽ ኤዲሽንስን በካሊፎርኒያ ከፈተ። ማሽኑ ዛሬ በስሚዝሶኒያን ተቋም ሙዚየም ይገኛል። እንዲህ ያለው የጥበብ ኅትመት የሚጠራበት «ዢክሌ» የሚለው ስምም የወጣው ያኔ፣ እዚያው ይሠራ በነበረው በጃክ ዱጋን ነው። ስሙ ዛሬም በኤግዚቢሽን መግለጫዎች ላይ ይነበባል፤ ስለ ቀለሙም ሆነ ስለ ወረቀቱ ግን ምንም አይነግረንም፤ ገዢ የሆነ ሰው ከስሙ አልፎ ሁለቱን ቢጠይቅ ይበጃል። የመጀመሪያዎቹ የአይሪስ ቀለሞች ውበት ነበራቸው፤ ዕድሜ ግን አልነበራቸውም።

እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ በቬርሞንት የሚሠራው ጆን ኮን የኤፕሰን ማተሚያዎችን ኅብር ካርትሪጆች አውጥቶ በምትካቸው የጥቁር እርከኖችን የሚሞላውን የፒየዞግራፊን ዘዴ ለገበያ አቀረበ። ኋላ ላይ እርከኖቹ ሰባት ደርሰዋል። ፖል ሮርክ የካርቦን ቀለም መቀመሚያውን ለማንም በነጻ አካፈለ፤ የሮይ ሃሪንግተን ኳድቶን ሪፕ የተባለው ሶፍትዌር ደግሞ እያንዳንዱ ካርትሪጅ ምን ያህል እንዲረጭ ተጠቃሚው ራሱ እንዲወስን አስቻለ። ትልልቆቹ አምራቾች የተከተሉት ከዚህ በኋላ ነው፤ ኤችፒ እ.ኤ.አ. በ2003 ግራጫዎችን ብቻ የያዘ ካርትሪጅ ለፎቶስማርት 7960 ማተሚያው አወጣ፤ ኤፕሰን እ.ኤ.አ. በ2005 አር2400 የተባለውን ማተሚያ ከሦስት ጥቁሮችና ለጥቁርና ነጭ ከተለየ የማተሚያ ስልት ጋር ይዞ ቀረበ። መንገዱን የጠረጉት በየቤታቸው ቀለም የሚቀምሙ ጥቂት ሰዎች መሆናቸው ሊረሳ አይገባም።

ቀለም ሁለት ዓይነት ነው። ዳይ እንደ ስኳር በፈሳሹ ውስጥ የሟሟ ነው፤ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ድምቀቱና ልስላሴው ያምራል። ፒግመንት ሳይሟሟ በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፍ እጅግ የደቀቀ ዱቄት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል። ብርሃንና በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን የዳይን ሞለኪውል በቀላሉ ይሰብሩታል፤ የፒግመንት ቅንጣት ግን ላይኛው ገጹ ቢጎዳ ውስጡ ይቆያል። ለጥቁርና ነጭ ደግሞ ፒግመንት አንድ ትልቅ ስጦታ አለው፤ የጥቁሩ መሠረት ካርቦን ነው። ካርቦን በጥንታዊ ብራናዎች ላይ ያለው የጥላሸት ቀለም ነው፤ ብርሃን አያደበዝዘውም። እንዲቆይ ለሚፈለግ ሥራ ያለ ማመንታት ፒግመንት ይመረጥ እላለሁ።

ካርቦን የራሱ ጠባይ አለው፤ ሲቀጥን ወደ ቡኒ ይሞቃል። ንጹሕ ግራጫ የሚፈልግ አምራች ጥቂት ሰማያዊ ወይም ሳያንና ማጀንታ ፒግመንት ይጨምርበታል። እነዚህ ማስተካከያዎች እንደ ካርቦኑ ጽኑ ስላልሆኑ ከረጅም ዓመታት በኋላ ቀድመው ሲደበዝዙ ፎቶው ቀስ በቀስ ወደ ሙቀቱ ይመለሳል። የሙቅ ካርቦን ኅትመት ግን የሚመለስበት የለውም፤ ከመነሻው እዚያው ነው። የቁም ምስልና የድሮ ድንጋይ ሕንፃ በዚህ ሙቀት ይዋባሉ፤ በረዶና ብረት ግን ቀዝቃዛውን ግራጫ ይፈልጋሉ።

ዕድሜን በተመለከተ የሄንሪ ዊልሄልም ተቋም ለአሥርተ ዓመታት ሙከራ ሲያካሂድ ቆይቷል። ኅትመቱን ለኃይለኛ ብርሃን አጋልጦ ውጤቱን በቀን ለ12 ሰዓት በ450 ለክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ብርሃን ሥር ለተሰቀለ ፎቶ ያሰላዋል። ልብ ሊባል የሚገባው ቁጥሩ የሚሰጠው ለቀለሙ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ለቀለሙና ለወረቀቱ ጥንድ ነው። ያው ቀለም ሌላ ወረቀት ላይ ሌላ ዕድሜ አለው።

ወረቀቱ ከሦስት ነገር ይሠራል፦ ከግንዱ፣ ቀለሙን ከሚቀበለው የላይኛው ሽፋን ማለትም ከልባሱ፣ እና ከመልኩ። ግንዱ ጥጥ፣ ከእንጨት የወጣ የተጣራ ሴሉሎስ፣ ወይም በሁለት ወገን ፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ሊሆን ይችላል። በፕላስቲክ የተለበጠው ርካሽና ጠፍጣፋ ነው፤ ለናሙናና ለአልበም ይበቃል። ጥጥና የተጣራ ሴሉሎስ ወረቀትን የሚያጠወልገው ሊግኒን የላቸውም፤ ብዙዎቹም አሲድን የሚከላከል ካልሲየም ካርቦኔት ይጨመርባቸዋል። ዘላቂ ወረቀትን የሚገልጸው አይኤስኦ 9706 የተባለው ደረጃ ፒኤች (የአሲድነት ልክ) ከ7.5 እስከ 10 እንዲሆንና ቢያንስ 2 በመቶ የሚሆን የካልሲየም ካርቦኔት ክምችት እንዲኖር ያዛል። የጥጥ ወረቀት አንሥቶ ያየ ሰው ክብደቱን አይረሳውም፤ እ.ኤ.አ. ከ1584 ጀምሮ ወረቀት የሚሠራው የጀርመኑ ሃነሙለ «ፎቶ ራግ» የሚለው ወረቀቱ በካሬ ሜትር 308 ግራም ይመዝናል።

ብዙ ወረቀት ከሚገባው በላይ ነጭ የሚመስለው ማንጫ ኬሚካል ስላለበት ነው። ኬሚካሉ የማይታየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ተቀብሎ ሰማያዊ አድርጎ ይመልሰዋል። ጉዳቱ የሚታየው በኋላ ነው፤ ኬሚካሉ ሲደክም ነጩ ወደ ቢጫ ያዘነብላል፤ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ደግሞ ነጩ የምስሉ ግማሽ ነው። ለማወቅ ሐሰተኛ ገንዘብ የሚለይባትን ዓይነት ትንሽ የአልትራቫዮሌት መብራት ጨለማ ውስጥ ማብራት ነው። ማንጫ ያለበት ወረቀት ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ የሌለበት ፈዝዞ ይቀራል።

ከሁሉ በላይ ለምስሉ የሚወስነው መልኩ ነው፤ ማት (የማያንጸባርቅ) ወይስ አንጸባራቂ። የጥቁረት ልክ ዴንሲቲ በሚባል ቁጥር ይለካል። ጥሩ ማት ወረቀት ላይ 1.6 ወይም 1.7 ይደርሳል፤ ከአንጸባራቂዎቹ አንዱ የሆነው የባሪታ ወረቀት 2.3ን ሊያልፍ ይችላል። ቁጥሮቹ ይቀራረባሉ፤ ትርጉማቸው ግን ይራራቃል፤ ማቱ ጥቁር ከወደቀበት ብርሃን ሁለት በመቶ ያህሉን ሲመልስ፣ ባሪታው የሚመልሰው ግማሽ በመቶ ብቻ ነው። ባሪታ ስሙን ያገኘው ከባሪየም ሰልፌት ነው፤ ፎቶ በጨለማ ክፍል ይታተም በነበረበት ዘመን ብርሃን ከሚቀበለው የብር ማዕድን ንጣፍ ሥር ይቀባ የነበረ ነጭ ማዕድን ነው።

ጥቁር ካፖርት ለብሰው ጨለማ በር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ፎቶ እንውሰድ። ባሪታ ላይ የካፖርቱ እጥፋት፣ የቁልፉ ቀዳዳ፣ ከበሩ ጀርባ ያለው የወንበር እግር ሁሉ ይለያያሉ። ማት ላይ ያለ ማስተካከያ ከታተመ ካፖርቱና በሩ አንድ ጥቁር ክምር ይሆናሉ። ፋይሉ ላይ ጥላው ትንሽ ከተከፈተ ግን እጥፋቱ ይመለሳል፤ የፊታቸው መጨማደድም በከሰል የተሣለ ያህል ለስላሳ ይሆናል። የጥቁረቱ ቁጥር የሚለካው ነጸብራቅ በሌለበት ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ፊት ለፊቱ መስኮት ያለበት ባሪታ መስኮቱን መልሶ ያሳያል፤ ማቱ ከየትም አቅጣጫ ይነበባል። ጭጋግ፣ ጤዛ፣ ሕፃን ፊት ከሆነ ማትን እመርጣለሁ፤ ሌሊት፣ ውሃና ብረት ከሆነ ባሪታን።

ጥቁር ቀለሙ ወረቀቱን መከተል አለበት። ፎቶ ብላክ የተባለው ለአንጸባራቂ፣ ማት ብላክ የተባለው ለማት የተቀመመ ነው። ፎቶ ብላክ ማት ላይ ገርጥቶ ይቀራል፤ ማት ብላክ አንጸባራቂ ላይ አይያዝም፤ በጣት ሲነካ ይነሣል። በድሮዎቹ ማተሚያዎች ሁለቱ አንድ መስመር ስለሚጋሩ መቀያየሩ ቀለም ያባክናል። እንደ ኤፕሰን ፒ900 ያሉት የቅርብ ጊዜ ማሽኖች ለየብቻቸው መስመር ሰጥተዋቸዋል። አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ፒግመንት አንድ ነቀፌታ አለበት፤ ሲያዘነብሉት ጥቁሩ የነሐስ መልክ ያወጣል፣ ነጩ ደግሞ ከሌላው ለየት ብሎ ያበራል። አንዳንድ ማተሚያ ይህን ለማስታረቅ ጥርት ያለ ፈሳሽ ከላይ ይረጫል።

የጥጥ ወረቀት ከማሽኑ ከመግባቱ በፊት በለስላሳ ሰፊ ብሩሽ ይጠረጋል። ልባሱ ላይ የተጣበቀች የጥጥ ብናኝ ቀለሙን ተቀብላ በኋላ ከረገፈች፣ በጥቁሩ መካከል የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ ትቀራለች። በሰማዩ ላይ ማንም አያያትም፤ በካፖርቱ ላይ ግን ከሁሉ ቀድማ ዓይን የምትገባ እሷ ናት። የትኛው ወገን ልባስ እንዳለው ያልለየ ሰው ጠርዙን በረጠበ ጣት ይንካ፤ የሚጣበቀው የሚታተምበት ነው።

ጥንዱ ከተመረጠ በኋላ ከነጭ እስከ ጥቁር በ21 እርከን የተከፈለ መፈተሻ ይታተማል። መጨረሻዎቹ ሦስት አራት ጨለማ እርከኖች ከተዋሃዱ ቀለሙ በዝቷል ወይም ፕሮፋይሉ (ለየወረቀቱ የቀለሙን መጠን የሚወስነው ፋይል) ለሌላ ወረቀት ነው። ቀለም መጨመር ሁልጊዜ አያጠቁርም፤ ወረቀቱ ከሚችለው ሲያልፍ ይረግጋል፣ ጥላውን ይደፍናል። ለዚህ ነው አዲስ ወረቀት በተገዛ ቁጥር ፈተናው የሚደገመው።

ፍርድ ግን በዚያው ሰዓት አይሰጥም። ኅትመቱ ሲደርቅ ጥቁሩም ግራጫውም ጥቂት ይለወጣሉ፤ ቢያንስ አንድ ቀን ይጠበቅና በሚሰቀልበት ብርሃን ይታያል። መስታወት ውስጥ ለማስገባት ደግሞ፣ በተለይ በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ከሆነ፣ ከዚያም በላይ ይታገሡታል። ቀለሙ እንዳይደርቅ በውስጡ የተጨመረው ግላይኮል ቀስ እያለ ይተናል፤ መውጫ ካጣ መስታወቱ ላይ ከውስጥ በኩል እንደ ጉም ይቀመጣል፤ ያን ለማጽዳት ፍሬሙን እንደገና መፍታት ነው።