«ከጨረታው ወድቀናል፣ አለቀ» ከማለት በፊት፦ በአሜሪካ የፌደራል ጨረታ አቤቱታ ላይ የሚነገሩ ስህተቶች

ለአሜሪካ ፌደራል መሥሪያ ቤት የተጫረተ ትንሽ ድርጅት «አላሸነፋችሁም» የሚል ኢሜይል ሲደርሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ምክር ይሰማል። አንዱ «ከመንግሥት ጋር ተከራክሮ ማን ረታ፣ ተወው» ይላል፤ ሌላው «ዋጋችን ዝቅተኛ ነበር፣ አቤት እንበል» ይላል። ሁለቱም ያሳስታሉ። እዚህ የምናወራው በዋናነት የመንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት፣ በተለምዶ ጂኤኦ የሚባለው፣ ስለሚያየው አቤቱታ («ፕሮቴስት») ነው።

«ጊዜ አለን፣ በደንብ እንዘጋጅ»

ብዙ አቤቱታ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። መነሻው ደንብ 10 ቀን ነው፤ የሚቆጠረውም የአቤቱታውን ምክንያት ካወቃችሁበት ወይም ማወቅ ከነበረባችሁ ቀን ጀምሮ ነው። ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራሉ፤ የመጨረሻው ቀን ራሱ ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም የፌደራል በዓል ከሆነ ብቻ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሻገራል። በዋሽንግተን ሰዓት ከ5፡30 ፒኤም በኋላ የገባ ሰነድ በማግስቱ እንደገባ ይቆጠራል።

ይህ ግን ለመደመጥ ብቻ ነው። ሥራውን ለማሳገድ ሌላ ሰዓት አለ። መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ መግባቱን ከጂኤኦ መስማት ያለበት ውሉ በተሰጠ በ10 ቀን ውስጥ፣ ወይም ሕጉ የሚያስገድደው ዲብሪፊንግ (መሥሪያ ቤቱ ለምን እንዳላሸነፋችሁ የሚሰጠው ማብራሪያ) ከተሰጠ፣ ለዚያ ከተቀጠረው ቀን በኋላ በ5 ቀን ውስጥ ነው፤ ከሁለቱ የዘገየው ይወሰዳል። ጂኤኦ ደግሞ ለማሳወቅ አንድ ቀን አለው። ስለዚህ በአምስተኛው ቀን ማስገባት ራስን አደጋ ላይ መጣል ነው፤ በልምድ አራተኛው ቀን የመጨረሻ ተደርጎ ይያዛል። ከዲብሪፊንግ በስምንተኛው ቀን ያስገባ ይደመጣል፤ ነገር ግን አሸናፊው ሥራ ጀምሯል፣ ሠራተኛም ቀጥሯል። ያኔ መርታት ግማሽ መርታት ነው።

ዲብሪፊንጉን የውጤት ማስታወቂያው በደረሳችሁ በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ጠይቁ። መከላከያ ሚኒስቴር ውስጥ ከሆነ፣ ከዲብሪፊንጉ በኋላ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ተጨማሪ ጥያቄ ማስገባት ይቻላል፤ ከጠየቃችሁ 5ቱ ቀን የሚጀምረው የጽሑፍ መልሱ ሲደርሳችሁ ነው።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። በጂኤስኤ ስኬጁል (መሥሪያ ቤቶች በቅድሚያ ከተዋዋሉ አቅራቢዎች የሚገዙበት ዝርዝር) የተገዛ ነገር ላይ መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው «አጭር ማብራሪያ» ነው እንጂ ሕጉ የሚያስገድደው ዲብሪፊንግ አይደለም። ኮንትራክቲንግ ኦፊሰሩ (የመሥሪያ ቤቱ የውል ኃላፊ) በደግነት «ዲብሪፊንግ» ብሎ ቢጠራው እንኳ ቀኑን አያራዝምም።

«መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱን ራሱን እንጠይቅ፣ ካልሆነ ወደ ጂኤኦ እንሄዳለን»

ይቻላል። ክፍያ የለውም፣ መሥሪያ ቤቱም በ35 ቀን ውስጥ ለመወሰን ይጥራል። ውድቅ ካደረገው ወደ ጂኤኦ ለመሄድ 10 ቀን አላችሁ። ችግሩ እግዱ ነው፤ የእግዱ ሰዓት የሚቆጠረው ውሉ ከተሰጠበት ወይም ከዲብሪፊንጉ ቀን ስለሆነ፣ ወደ ጂኤኦ ስትደርሱ አብዛኛውን ጊዜ አልፏል። በእርቅ መንፈስ የተጀመረ ነገር መሣሪያችሁን ያስጥላችኋል።

«የጨረታ ሰነዱ መስፈርት አድሏዊ ነበር፤ አሁን እናንሳው»

ረፍዷል። በሰነዱ ላይ የሚታይ ጉድለት አቤቱታ የሚቀርብበት የመጫረቻው ሰዓት ከመዘጋቱ በፊት ነው። ካሸነፍን ዝም፣ ከተሸነፍን እንናገር የሚባል ነገር የለም።

«ከአሸናፊው እንደምንበልጥ ካሳየን ይበቃል»

አይበቃም። ጂኤኦ እንደገና ነጥብ አይሰጥም። የሚጠይቀው መሥሪያ ቤቱ ራሱ በጻፈው መስፈርት ገምግሟል ወይ፣ ሁሉንም በእኩል ዓይን አይቷል ወይ፣ ለውሳኔውስ በመዝገብ ላይ ምክንያት አለው ወይ ብሎ ነው። ዝቅተኛ ዋጋም ሰነዱ «ቴክኒክ ካለፉት ዝቅተኛው ዋጋ» ካላለ በስተቀር ብቻውን አያሸንፍም።

ሁለት የታወቁ ጉዳዮች ልዩነቱን ያሳያሉ። በ2008 የአየር ኃይሉ የነዳጅ መሙያ አውሮፕላን ውል ለኖርዝሮፕ ግሩማን ሲሰጥ ቦይንግ አቤት አለ። ጂኤኦ በሰኔ ወር ለቦይንግ የፈረደው አውሮፕላኑ ይሻላል ብሎ አይደለም፤ አየር ኃይሉ ሰነዱ ተጨማሪ ነጥብ አያሰጥም ላለው ነገር ነጥብ በመስጠቱና ሌሎችም የግምገማ ስህተቶች በመገኘታቸው ነው። ጨረታው እንደገና ወጥቶ ቦይንግ በ2011 አሸነፈ። በ2021 ደግሞ ናሳ የጨረቃ ማረፊያውን ውል ለስፔስኤክስ ብቻ ሲሰጥ ብሉ ኦሪጅን «ሁለት መምረጥ ነበረበት» አለ። የጨረታ ማስታወቂያው ግን አንድም፣ ብዙም፣ ምንም አለመምረጥም እንደሚቻል ጽፎ ነበር። ጂኤኦ አልተቀበለውም፤ የፌደራል ይገባኛል ጥያቄዎች ፍርድ ቤትም በዚያው ዓመት ኅዳር አልተቀበለውም።

በተጨማሪ፣ ስህተቱ ባይኖር ኖሮ የማሸነፍ እውነተኛ ዕድል እንደነበራችሁ ማሳየት አለባችሁ። አራተኛ ከወጣችሁና የምትነቅፉት አንደኛውን ብቻ ከሆነ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ፊታችሁ ቆመዋል።

«አብዛኛው ውድቅ ይሆናል፣ ምን ዋጋ አለው»

በ2024 የበጀት ዓመት 1,803 ጉዳዮች ገብተዋል፤ ውሳኔ ከተሰጠባቸው ለአቤት ባዩ የተፈረደው 16 በመቶ ነው። ይህን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ በገዛ ፈቃዱ ያረማቸው ሲደመሩ አቤት ባዩ አንድ ዓይነት መፍትሔ ያገኘባቸው 52 በመቶ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ መዝገቡን አያይዞ መልስ የሚሰጠው በ30 ቀን ውስጥ ስለሆነ፣ ደካማ ጎኑን ያወቀ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በፊት ያርማል። እርምት ግን ድል አይደለም፤ ዳግም ተገምግሞ ያው ድርጅት ሊያሸንፍ ይችላል።

«ያለ ጠበቃ አይቻልም» ወይም «ጠበቃ ምን ያደርጋል»

ጂኤኦ ዘንድ ጠበቃ ግዴታ አይደለም፤ የፌደራል ይገባኛል ጥያቄዎች ፍርድ ቤት ዘንድ ግን ድርጅት ያለ ጠበቃ አይቀርብም። ነገሩ የሚወሰነው በምስጢር ጥበቃ ትእዛዙ ነው። የአሸናፊውን ዋጋና የግምገማውን ዝርዝር የሚያየው የተፈቀደለት ጠበቃ እንጂ የድርጅቱ ባለቤት አይደለም። ያለ ጠበቃ የሄደ ጥቁር የተቀባ ሰነድ እያነበበ ይከራከራል። የመሥሪያ ቤቱ መልስ (ሪፖርቱ) ከደረሰ በኋላም አስተያየት በ10 ቀን ካልገባ ጉዳዩ ይዘጋል።

«ከረታን ካሳ እናገኛለን»

የቀረ ትርፍ አይከፈልም። ጂኤኦ የሚሰጠው፣ በ100 ቀን ውስጥ፣ የውሳኔ ሐሳብ ነው፤ መሥሪያ ቤቶች ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይከተሉታል። የአቤቱታው ወጪ፣ አንዳንዴም የመጫረቻ ሰነዱ ዝግጅት ወጪ እንዲተካ ሊመክር ይችላል። ለትልልቅ ድርጅቶች የጠበቃ ክፍያ በሰዓት በ150 ዶላር ሲገደብ፣ አነስተኛ ድርጅት ላይ ይህ ገደብ የለም።

«አሸናፊው አነስተኛ ድርጅት አይደለም፣ ጂኤኦ ይይልን»

አያይም። ይህ ክርክር የሚወሰነው በአነስተኛ ንግድ አስተዳደር (ኤስቢኤ) ነው። የሚገባው ግን ለኮንትራክቲንግ ኦፊሰሩ ሲሆን፣ እሱ ወደ ኤስቢኤ ያስተላልፈዋል። ቀነ ገደቡ አሸናፊው ከተነገራችሁ በኋላ 5 የሥራ ቀን ነው።