ኢንቶሞሎጂስት ምንድን ነው? የተምቹን ግንባር የሚያነብ ባለሙያ

በቆሎ ማሳ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ፣ ቅጠሉን በሁለት ጣቱ ገለጥ እያደረገ እምብርቱን የሚመለከት ሰው ካያችሁ ወይ የማሳው ባለቤት ነው፣ ወይ ኢንቶሞሎጂስት። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን የነፍሳት ተመራማሪ ማለት ነው። በእርሻ ላይ የሚሠራው ሰብል የሚበሉትን ነፍሳት ያጠናል፤ እነሱን የሚበሉትንም ጭምር። እኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ «የሰብል ጥበቃ ባለሙያ» በሚለው ጥቅል ስም ይጠራል። ዘመድ አዝማድ ግን ለትኋንና ለበረሮ መድኃኒት ነው የሚጠይቀው።

ብዙ ሰው ሥራው መርጨት ይመስለዋል። መርጨቱንማ መርጫ ያዘለ ሁሉ ይረጫል። የዚህ ሰው ሥራ ከዚያ በፊት ነው የሚጀምረው፤ «ይሄ ማነው?» ብሎ በመጠየቅ።

ተምችን እንውሰድ። ለገበሬው አዲስ ስም አይደለም። የድሮው ተምች በአንዳንድ ዓመት ዝናቡን ተከትሎ ከተፍ ይላል። እንደ ጦር ሠራዊት ተከማችቶ ሣሩን፣ ጤፉን፣ ገብሱን ያወድምና ያልፋል። በየካቲት 2009 ዓ.ም. ግን በሸካ ዞን፣ የኪ ወረዳ፣ በመስኖ በለማ በቆሎ ላይ ሌላ ትል ተገኘ። የትውልድ ቦታው የአሜሪካ አህጉር ነው። ከዚያ ዓመት ቀደም ብሎ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ታይቷል። የእሳት ራቱ በአንድ ሌሊት እስከ 100 ኪሎ ሜትር መብረር ስለሚችል ድንበር አያግደውም። ስሙንም «የአሜሪካ መጤ ተምች» አሉት።

ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። መጤው አብዛኛውን ጊዜ በመንጋ አይዘምትም። የበቆሎው እምብርት ውስጥ ተሸሽጎ ይበላል። አብሮት ሌላ ትል ካገኘ፣ ወንድሙም ቢሆን፣ ይበላዋል። ለዚህ ነው አንድ ተክል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ትልቅ ትል ብቻ የሚገኘው። ደግሞ እንደ ድሮው መጥቶ አይሄድም። በቆሎ እስካገኘና ሙቀቱ እስከተስማማው ድረስ ዓመቱን ሙሉ ይራባል።

እንዴት ይለያል? ትንንሾቹ የቅጠሉን ሥጋ ፍቀው ስስ ሽፋኑን ይተዉታል፤ ለብርሃን ሲያዙት እንደ መስኮት ያሳያል። ትልልቆቹ ይበሳሉ፣ ይቦጫጭቃሉ። እምብርቱ ላይ እርጥብ ሰጋቱራ የመሰለ ነገር ከተከመረ ኩሱ ነው፤ ባለቤቱ ከሥሩ አለ። አውጡትና ግንባሩን እዩ። የፈረንጅ «ዋይ» ፊደል ተገልብጦ በነጣ ያለ መስመር የተጻፈበት ይመስላል። የድሮው ተምችም ግንባሩ ላይ የሚቀራረብ መስመር ስላለው በዚህ ብቻ አይፈረድም። ወደ ጅራቱ ጠጋ በሉ። አራት ጥቁር ነጥቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ከተቀመጡ፣ በቃ፣ መጤው ነው።

ቀጥሎ ዕድሜው ይታያል። ሴቷ በሕይወት ዘመኗ ከ1,000 በላይ እንቁላል ትጥላለች፤ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 የሚሆነውን አንድ ላይ። በሙቀት ጊዜ በሁለት ሦስት ቀን ይፈለፈላል። ትሉ ሁለት ሳምንት ገደማ ይበላና ወደ አፈር ይወርዳል፤ እዚያው የእሳት ራት ወደመሆን ይለወጣል። መድኃኒት የሚይዘው ገና ትንሽ ሳለ ነው። ጠልቆ ከገባና ኩሱን ጣሪያ ካደረገ በኋላ መድኃኒቱ በቀላሉ አይደርሰውም። ችግሩ፣ ማሳው የሚያስደነግጠው ትሉ ትልቅ ሲሆን ነው። ሰው ተሯሩጦ መርጫውን ሲያዝል ትሉ አፈር ገብቶ ሊሆን ይችላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄኔ ነው።

ስለዚህ ባለሙያው ቀድሞ አሰሳ ያደርጋል። ማሳውን በዚግዛግ እየዞረ፣ በየቦታው 10 ወይም 20 ተክል እየቆጠረ፣ ስንቱ እንደተጠቃ ይመዘግባል። የሴቷን ሽታ የያዘ ወጥመድ ሰቅሎም ስንት ወንድ እንደገባበት ይቆጥራል። ከዚያ ሒሳብ ነው። የሚጠፋው ምርት ከመድኃኒቱና ከጉልበቱ ዋጋ ካልበለጠ «አትርጭ» ይላል። ለእኔ የሙያው ከባዱ ቃል ይሄ ነው። የተበሳሳ ቅጠል ይዞ ለመጣ ገበሬ «ተወው» ማለት ሆድ ይጠይቃል። መለስተኛ ማሳ ከሆነ ግን በእጅ መልቀምም አንድ ዘዴ ነው፤ ብዙ ገበሬዎቻችን ያደረጉትም ይህንኑ ነው።

ወደ ሙያው የሚገባው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዕፅዋት ሳይንስ ዲግሪ ጀምሮ ወደ ነፍሳት ጥናት ያዘነብላል። ከዚያ ምርምር ማዕከል፣ ግብርና ቢሮ፣ የዕፅዋት ኳራንቲን (ተባይ ድንበር እንዳያልፍ የሚቆጣጠር ጣቢያ) ወይም አበባ እርሻ ይጠብቀዋል። አንበጣ የሚስበው ደግሞ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት አለለት።

ከሁሉ ደስ የሚለኝ ግን የተርቦቹ ነገር ነው። መጤው ተምች አገራችን በገባ ሰሞን ተመራማሪዎች ትሎቹን ሰብስበው ቢያሳድጉ፣ ከብዙዎቹ የእሳት ራት ሳይሆን ትንንሽ ጥቁር ተርብ ወጣ። ኮቴሲያ ኢሲፔ ትባላለች፤ ስሟ ናይሮቢ ካለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል የተወሰደ ነው። እንቁላሏን ትሉ ሰውነት ውስጥ ትጥላለች፤ ልጇ ከውስጥ እየበላው ያድጋል። በአንዳንድ ማሳ ከተሰበሰቡት ትሎች እስከ 45 በመቶ የሚሆኑት ተይዘው ተገኝተዋል። ማንም አላመጣትም፤ እዚሁ ነበረች። መድኃኒት በዘፈቀደ ሲረጭ ቀድማ የምታልቀው እሷ ናት። ከትሉ ከወጣች በኋላ የምትሠራት ነጭ ጎጆ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ጥጥ የመሰለች ናት። ለማያውቅ የተባይ እንቁላል ትመስላለች። ጣቱን ሊጨፈልቃት ለሰነዘረ ገበሬ ባለሙያው ቶሎ ብሎ፣ «እሷንስ ተዋት፣ ያንተ ናት» ይለዋል።