ኦቶኢሙን በሽታዎችና አንጀት፦ ከሐዋሳ ማዕድ አንጻር

ኦቶኢሙን የሚባሉት በሽታዎች የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የገዛ አካሉን ሲያጠቃ የሚመጡ ናቸው። ዓይነት 1 ስኳር፣ ሩማቶይድ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ሉፐስ (ቆዳን፣ መገጣጠሚያንና ኩላሊትን የሚያጠቃ ሕመም) እና ሴሊያክ ከእነዚህ ይመደባሉ። አንጀት በጉዳዩ የሚነሳው አለምክንያት አይደለም፦ ብዙ የመከላከያ ሴሎች ያሉት እዚያ ነው፤ ከምግብና ከባክቴሪያ የሚለያቸውም የአንድ ሴል ውፍረት ያለው ሽፋን ነው። ግንኙነቱ ግን ለሁሉም በሽታ እኩል አልተረጋገጠም። በሩማቶይድ ሕሙማን አንጀት ውስጥ የባክቴሪያው ስብጥር ከጤነኞች የተለየ ሆኖ ታይቷል፤ መንስኤ ይሁን ውጤት ገና አልለየም። «አንጀት ያጸዳል» ተብሎ የሚሸጥ ዱቄት ሉፐስን ያድናል ማለት ከዚህ በጣም የራቀ ድፍረት ነው።

ነገሩ ጥርት ያለው በሴሊያክ ነው። ቀስቃሹ በስንዴ፣ በገብስና ራይ በተባለው እህል ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ነው። የስንዴን ጥፋት ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የኔዘርላንድስ የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ ነበር። ኤችኤልኤ ዲኪው2 ወይም ዲኪው8 የተባለ የዘር ባሕርይ (ጂን) ካላቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ግሉተን ሲበሉ የትንሹ አንጀታቸው ጣት መሰል ቅርጾች ይረግፋሉ፤ ብረት፣ ፎሌትና ካልሲየም መመጠጥ ያቅታል። ምርመራው ቲቲጂ አይጂኤ የተባለውን ፀረ አካል የሚፈልግ የደም ምርመራ ሲሆን በደም ውስጥ ያለው የአይጂኤ ጠቅላላ መጠንም አብሮ ይለካል፤ አይጂኤ በተፈጥሮው ዝቅ ያለበት ሰው በሐሰት ነፃ ይባላልና። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዳቦውን አቁሞ ወደ ምርመራ በመሄድ ነው። ቢያንስ ለ6 ሳምንት በየቀኑ፣ ከአንድ ማዕድ በላይ ግሉተን እየበሉ ካልሆነ ውጤቱ አይታመንም። በኤንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ) ናሙና ሲወሰድም ከዱዮዲነም፣ ማለትም ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ ከ4 ያላነሰ ቁራጭ ያስፈልጋል፤ ጉዳቱ እዚህም እዚያም የተበታተነ ስለሚሆን።

ሐዋሳ ላይ ግን ከዚህ በፊት የሚጣራ ብዙ ነገር አለ። ጃርዲያ የሴሊያክን መልክ ይዞ ይመጣል፤ በሐይቁ ለሚያጠምዱና ለሚዋኙ ደግሞ ቢልሃርዝያ አለ። ከሁሉም የከፋው በባዶ እግር በኩል የሚገባው ስትሮንጅሎይደስ የተባለ ትል ነው። ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ይቆያል፤ አንድ የሰገራ ምርመራም ብዙ ጊዜ ሳያገኘው ያልፋል። ለኦቶኢሙን ሕመም ተብሎ መከላከያን የሚያዳክመው ፕሬድኒሶሎን ሲጀመር ትሉ ተራብቶ ወደ ሳንባና ወደ አንጎል ሊደርስና ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ አስቀድሞ አይቨርመክቲን ይሰጣል፤ በዘመቻ የሚታደለው አንድ ፍሬ አልቤንዳዞል ለዚህ አይበቃም። መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የጀመረ ሰው በአሞራ ገደል የዓሳ ገበያ በዳጣ የሚበላውን ጥሬ ዓሳም ይተወው።

ሴሊያክ ከተረጋገጠ የአካባቢው ማዕድ ያግዛል። ቆጮ፣ ቡላ፣ በቆሎ፣ ጤፍና ዓሳ ግሉተን የላቸውም። ቆጮ ግን ፕሮቲኑ ትንሽ ነው፤ አይብ፣ ባቄላ ወይም ዓሳ ይጨመርበት። ቡርሳሜን (በቅቤ የተሠራ ቆጮን) በወተት የለመደ ሰው መጀመሪያ ሰሞን ቢነፋው አይደንግጥ፦ አንጀቱ እስኪያገግም የወተትን ስኳር መፍጨት ይቸግረዋል። ቆጮም እንጀራም የሚቦኩ ቢሆኑም እሳት ላይ ባክቴሪያቸው ስለሚሞት እንደ እርጎ ሕያው ባክቴሪያ ያለው ምግብ ተብለው አይቆጠሩም። እርጎውም ከፈላ ወተት ቢሠራ ይሻላል።

ጠላና ቢራ ብቅል አለባቸው፤ ቦርዴም ብዙውን ጊዜ እንዲሁ ነው። ጩኮ፣ በሶና ቂንጬም አይበሉ። አጃ በባሕርይው ብዙዎችን ባይጎዳም ከገብስ ማሳ ተቀላቅሎ ስለሚመጣ አያስተማምንም። ከገበያ የሚገዛ እንጀራ ሩዝ ቢደባለቅበት ችግር የለውም፤ ገብስ ወይም ስንዴ ከሆነ ግን አይሆንም። ከጎረቤት የተቀዳ እርሾም ከምን እንደተቦካ ይጠየቅ።

ዋናው ጣጣ ወፍጮ ቤት ነው። ከፊት ያለው ተረኛ ስንዴ ካስፈጨ በድንጋዩ መካከል የቀረው ዱቄት የሚወጣው ከቀጣዩ ሰው ጤፍ ጋር ነው። ግሉተን የለውም የሚባለው ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም የማይበልጥ ግሉተን ሲኖረው ነው፤ በአንድ ኪሎ ጤፍ ውስጥ የገባ አንድ የሻይ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት ይህን ወደ አሥር እጥፍ ያልፈዋል። ስንዴና ገብስ በማይፈጭበት ወፍጮ ማስፈጨት ወይም ቤት ውስጥ መፍጨት ይመረጣል። ምግቡ ከተስተካከለ በኋላ በ6 እና በ12 ወር ቲቲጂ ይደገማል። ቁጥሩ አልወርድ ካለ መድኃኒት ከመጨመር በፊት ዱቄቱ የት እንደተፈጨ ይጣራ።