«የማኅበረሰብ» ሲባል የማን ነው?

የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ሲነበብ «የሕዝብ» እና «የማኅበረሰብ» ብሮድካስት ይምታታሉ። የሕዝብ የሚባለው በሙሉ ወይም በከፊል በመንግሥት በጀት ይንቀሳቀሳል። የማኅበረሰብ ግን ለትርፍ ያልተቋቋመ፣ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚያስተዳድረው ነው። ገንዘብ አይነካም ማለት አይደለም፤ ያገኘውን ለአገልግሎቱ ያውላል እንጂ ትርፍ አያከፋፍልም።

ስለ ማኅበረሰብ ብሮድካስት ሲነሣ «እኩል ተደራሽነት» የሚባለውስ? ብዙዎቻችን የሥርጭቱ ጥራት ይመስለናል። አይደለም። መንዝ ውስጥ ለዝተት (ለወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብስ) የበግ ጠጉር የምትፈትል ሴት ብትቀረጽ፣ ታየች እንጂ ተደራሽ አልሆነላትም። ካሜራውን ራሷ ስትይዝ፣ ማይክሮፎኑን ከነፋስ በነጠላዋ ጫፍ ስትከልል (የመንዝ ነፋስ መቼም ለማይክሮፎን አይራራም)፣ ቅንብር ላይ ተቀምጣ የትኛው ምስል እንደሚቀር ስትወስን ነው ተደራሽ የሚባለው። ይህን የምትማርበት ሥልጠና በገበያ ቀን ከተጠራ ግን እሷ አትመጣም።